የዝናብ ውሃ ብቻ የሚጠጣው ሞስ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ድንቡሼ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺም እንዴት እንደምጽፈው እንጃ። ፖስታ የሌለው ካርድ ስለሆነ ፖስተኛው ያነበው ይሆናል፤ ያንብበው።

አክስቴ በምትሠራበት የችግኝ ጣቢያ፣ ከሞቃት አገር ጥቅጥቅ ደን የመጣ ሞስ የሚባል ተክል ያለማሉ። እኛ ቤት ከቧንቧው ሥር በብሩሽ ፈግፍገን የምንጥለው አረንጓዴ ነገር ዘመድ ነው። እዚህ ግን ግንድ ላይ በክር አስረው፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ እንደ አራስ ልጅ ይንከባከቡታል። የሚረጩትም የዝናብ ውሃ ብቻ ነው፤ ይሄኛውን የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ያቃጥለዋል ይላሉ።

ሽማግሌው አትክልተኛ ሥራውን እንደወደድኩት አይተው መርጫውን ሰጡኝ። የዝናብ ውሃው በርሜል ባዶ ሲሆን ለመጠየቅ አፈርኩና ሳምንቱን ሙሉ ከቧንቧ ስቀዳ ሰነበትኩ። ዛሬ ሞሱ በሙሉ ቡናማ ሆኖ ተገኘ።

የጣቢያው አለቃ እየጮኸች ወደ ሽማግሌው መጣች። «ጋሼ፣ የቧንቧ ውሃ የረጨበት ማነው?»

ሽማግሌው አንዴ ወደ እኔ አዩና «እኔ ነኝ» አሉ።

«ዓይንዎ ደክሞ ይሆን?»

«ዓይኔስ ደህና ነው፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «እንግዲያው ነገ ቁልፉን ያስረክቡ» አለች። እኔ መርጫውን እንደያዝኩ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር።

ካርዱ ሞላ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ያንን ቀበጥ ወንድምሽንም ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ነገ በጠዋት አለቃዋን ደጃፍ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ጋሼ ቁልፉን ከኪሳቸው ሳያወጡ እውነቱን እነግራታለሁ።