መለከቱ ዝም ያለ ቅዳሜ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ እንደ ሰው ሁሉ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፣ ልጅህም ካንተ የወረሰችው አፍ አላት፣ መልስ አታጣም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የሩቅ መንገድ አውቶብስ ሹፌር ነው። ከሁለት ወር በፊት ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ፣ "እትዬ፣ መለከቱን እኮ በየሳምንቱ አገኘዋለሁ። መነኻሪያው ውስጥ በድምፅ ማጉያ የመኪና መነሻ የሚጠራው እሱ ነው" ሲለኝ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

"እንዴት አድርጎ ነው የሚጠራው?" አልኩት።

"አውቶብሱ ጎል ያገባ ነው የሚመስልዎት" አለኝ።

ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ግን መርፌዬን አስቀመጥኩ። ያ በራዲዮ ኳስ ሲያስተላልፍ ከተማውን ሁሉ ከመቀመጫው የሚያስነሳ ሰው፣ አሁን ሻንጣ የያዘውን ብቻ ነው የሚያስነሳው ብዬ።

የጻፍኩልህ ግን ስለ ጉልበቴም ስለ ሹፌሩም አይደለም። መምጣት አለብህ። እዚህ ሰፈር ድምፅህ ያላንተ እየዞረ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ እስክነግርህ አትቆጣ፤ በደብዳቤ መቼም አታቋርጠኝም።

ያኔ፣ ባለፈው ምርጫ፣ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ የምታውቀው ግን በስቱዲዮው በኩል ነው። በትምህርት ቤቱ በር በኩል የሆነውን አንድ ቀንም ቁጭ ብዬ አልነገርኩህም። ልነግርህ ስጀምር ትቆጣለህ፣ ስትቆጣ ዝም እላለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ሄድክ፤ ይኸው አራት ዓመት ሞላን።

ገበያውን አላፈርስም ያለው ተወዳዳሪ ባሳተመው ቀን መቁጠሪያ ላይ ፎቶህ ሲወጣ ሰፈሩ እንዴት ኮርቶ ነበር! ሰውየው ራሱ ከታች ጥግ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ነበር የሚታየው። አንተ ከላይ አፍህን በልቅጠህ። ማእድ ቤት ያለው በማእድ ቤቱ፣ ሱቅ ያለው በሱቁ ሰቀለህ። የምርጫው ቀን፣ ሰኞ፣ በቀይ ተከብቦ ነበር። ኋላ መምረጫው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ ሰኞ ልጆች ይማራሉ፣ ክፍሎቹ አይለቀቁም ተባለና ምርጫው አንድ ቀን ቀድሞ ወደ እሑድ መጣ። ቀን መቁጠሪያው ግን አንዴ ታትሞ ተሰቅሏል፤ ማን በየቤቱ እየዞረ ያርመዋል?

በዜና ተነገረ። እኔም ሰምቼ በየመደቡ እየዞርኩ ለገበያው ሴቶች ነገርኳቸው። ሽንኩርት ሻጯ ምን አለችኝ መሰለህ? "የኔ እህት፣ አንቺን አላመንንሽም ማለት አይደለም። ዜና ግን ስንት ነገር ይላል። ቀኑ ቢለወጥማ መለከቱ ይነግረን አልነበር? ቅዳሜ ኳስ ሲያስተላልፍ እንሰማዋለን።"

ቅዳሜ ራዲዮ ያልተከፈተበት መደብ አልነበረም። የጣቢያው ሰዎች ከጨዋታው በፊት የቀኑን መለወጥ እንድትናገር ነግረውህ ነበር። በእረፍት እላለሁ አልክ። ከዚያ ሲያልቅ እላለሁ አልክ። ሲያልቅ ደግሞ መለያ ምት መጣ፣ በረኛችን ሁለት ኳስ አዳነ፣ አንተም አበድክ፣ ከተማውም አበደ። እኔ ልብስ እየተኮስኩ "አሁን ይላል፣ አሁን ይላል" ስል ራዲዮኑ ዘፈን ጀመረ። የሃያ ሁለት ሰው ስም ከነመለያ ቁጥሩ የማይጠፋህ ሰው፣ አንዲት ቀን ጠፋችህ። ቤት የገባኸውም ሲነጋጋ ነው። እኔ ልመርጥ ስወጣ አንተ ከነጫማህ ተኝተህ ነበር።

እሑድ ሰልፉ አጭር ነበር። ሰዎች ከሰዓት ይመጣሉ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሰኞ ጠዋት ዚፕ ልገዛ ስወጣ ነው ያየኋቸው። ሽንኩርት ሻጯ፣ ዶሮ ሻጯ፣ ጫማ ጠጋኙ ከነሚስቱ፣ ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ እኩሌታው ላይ እኔ የሰፋሁት ቀሚስ አለ፣ መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰልፈዋል። ከውስጥ ልጆች በአንድ አፍ የማባዛት ሠንጠረዥ ይላሉ። ዘበኛው ወጣና፣ "ልጅ ልታስመዘግቡ ከሆነ ምዝገባ አልፏል" አላቸው።

"ልንመርጥ ነው እንጂ" አለች ሽንኩርት ሻጯ።

"ትናንት ነበር እኮ፣ እናቴ።"

"ምን ማለትህ ነው ትናንት? መለከቱ እኮ..." አለችና ዞር ስትል እኔን አየችኝ። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ዝም አለ እኮ" ብቻ ነው ያለችው።

የድምፅ ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር አልረሳኸውም፤ ያ ሰልፍ በዋዜማው ተሰልፎ ቢሆን ይበቃ ነበር። አሸናፊው ሰውዬ ዝናቡ ሳይገባ ገበያውን አፈረሰው። ዘመናዊ ይሠራበታል የተባለው ቦታ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ ድመት ትወልድበታለች። እኔ መደቤ ፈርሶ የስፌት መኪናዬን ኮሪደር ላይ አድርጌ እሰፋለሁ፤ ሰው ሲያልፍ ጉልበቴን አጥፌ አሳልፋለሁ። ሽንኩርት ሻጯ በጋሪ ትዞራለች። ያንን ቀን መቁጠሪያህን ደግሞ እየቀደደች ነጭ ሽንኩርት ጠቀለለችበት። "ዛሬ ባልሽን እስከ ስድስተኛው ወር ጨረስኩት" ትለኝ ነበር። እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

አንተ ጥፋቱ የፕሮግራም አዘጋጁ ነው አልክ። የመለያ ምቱ ነው አልክ። ስታልፍ ሲያፏጩብህ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ። "ረሳሁ" የምትል አንዲት ቃል ከአፍህ ወጥታ ቢሆን፣ እዚህ ሰፈር ቂም የሚይዝብህ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰው ይረሳል፤ እኔስ ስንቱን ሸሚዝ ግራ እጅጌውን ቀኝ ላይ ሰፍቼ ፈትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ወር ባለ ክራቫት ሰውዬ መጣ። ገበያውን ያፈረሰው ሰው እንደገና ይወዳደራል፤ ይሄኛው ቀስቃሹ ነው። "እመቤቴ፣ ሥራ አላስፈታዎትም" ብሎ የያዘውን ጥቅል የስፌት መኪናዬ ላይ ዘረጋው። ቀን መቁጠሪያ ነው። አሥራ ሦስቱም ወር ታትሟል፣ ከላይ ግን የእንቁላል ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ ተትቷል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"የባለቤትዎ ፊት ነው፤ ያሉበትን ቢነግሩን። የኳስ ፕሮግራማቸው ይመለስላቸዋል፣ ስማቸውም ይጸዳል።"

ልዋሽህ አልፈልግም፤ "ይመለስላቸዋል" ሲል ልቤ ዘለለች። ያንን ባዶ ቦታ ሳየው ሳየው ቆየሁ። ከዚያ፣ "ድምፁ ተዘግቷል፤ ሐኪም እንዳትናገር ብሎታል" አልኩት። ፈገግ ብሎ ጥቅሉን አነሳና፣ "የሚናገር አይጠፋም፣ እመቤቴ" ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

በዚያው ቀን ብጽፍልህ ጥሩ ነበር። ፈራሁ። እሺ ብትል ከነሱ ጋር ሆነህ ነው የምትመጣው፤ እምቢ ብትል አትመጣም። ሁለቱንም ስላልፈለግኩ ዝም አልኩ። ዝምታ እንደ ጉንፋን ነው መሰለኝ፣ አብሮ የኖረ ሰው ላይ ይጋባል።

ባለፈው ዓርብ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ሱሪ እየዘመዘምኩ ሳለ ከመንገድ ሰማሁህ። "ወገኖቼ! እኔ መለከቱ ነኝ! ያኔ ተሳስቼ አሳሳትኳችሁ! አዲሱን ገበያ የሚሠራላችሁ እሱ ነው!" እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ከማዕዘኑ ላይ ነው፤ የሰው ሱሪ በእጄ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ፣ አንድ እግሬ ባዶ። የቅስቀሳ መኪና ቆማለች። ከኋላዋ አንገቱ ሸንበቆ የሚያክል ጎልማሳ ቁጭ ብሎ የድምፅ ማጉያውን አፍ ይዟል። ሠርግ ላይ ሰው እያስመሰለ የሚያስቀው ያ ሰውዬ ነው። ሳፈጥጥበት ማጉያውን በመዳፉ ከደነና በራሱ ቀጭን ድምፅ፣ "እትዬ፣ ምን ፈልገው ነበር?" አለኝ።

"ምንም፤ የማውቀው ሰው መስሎኝ ነው" አልኩት።

ልጅህ ከኋላዬ ጫማዬን ይዛ ደረሰች። "እማዬ፣ የት ልትደርሺ ነው በአንድ እግርሽ?" አለችኝ። "አባዬ እንዳልሆነ እኔ በመጀመሪያው ቃል ነው ያወቅኩት። አባዬ ከመጮኹ በፊት ትንፋሹን ይስባል፤ ይሄ አይስብም።" እሷ አወቀች። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር የኖርኩት እኔ አላወቅኩም። ጆሮዬ ደህና ነው።

ስመለስ ሽንኩርት ሻጯ ጋሪዋን ስትገፋ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ፊቷ በርቷል። "መለከቱ መጣ አይደል? እሰይ! እኔማ ያን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ስለጠቀለልኩበት ይቅር ይበለኝ። ተሳሳትኩ አለ እኮ፣ በገዛ አፉ! ከዚህ ወዲያ ምን ይበል?"

"እሱ አይደለም" አልኳት። "አስመሳይ ቀጥረው ነው። ሄጄ በዓይኔ አየሁት።"

"ኧረ ባክሽ! ተኳርፋችሁ ነው እንጂ።"

"ወንድሜን ልቅበር! ያን ገበያ ያፈረሰ ሰው እንዴት ይሠራልሻል?"

ጋሪዋን አቁማ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ምን እንዳለችኝ እንደወረደ ልጻፍልህ፦ "የኔ እህት፣ ያኔም አንቺ ነግረሽን ነበር። እውነት ነበር ያልሽው፣ አላልኩም አልልም። እኛ ግን የምንሰማው እሱን ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ? እሱ ካልሆነ ራሱ ይምጣና አይደለሁም ይበላ።"

ራዲዮ ጣቢያውም ሄጃለሁ። ከበር አላለፍኩም። "ማስተባበያ የሚሰጠው ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ነው" አሉኝ። ይኸው ትናንት የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ ያንን ገበያ ያፈረሰ ሰውዬ እንመርጣለን እያሉ ነበር፤ መለከቱ በአፉ ስለመሰከረለት ብለው። የቀን መቁጠሪያው ባዶ ቦታ ላይም የድሮ ፎቶህን ለጥፈው አሳትመውታል። እኔ እያንዳንዷ ቤት ገብቼ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ባወራ፣ ያኮረፈች ሚስቱ ናት ከማለት አያልፉም።

ስለዚህ ና። ሹፌሩ ሐሙስ ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር ይዞልሃል። ከመጣህ ከቆርቆሮው አጥር ፊት ለፊት ቁም፤ ሁሉም በዚያ ነው የሚያልፈው። አትጩህ፣ እንደ ጎል አታድርገው፣ እንደ ሰው ተናገር። "መኪናው ላይ ያለው እኔ አይደለሁም። ያኔ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ረስቼ ነው" በል። እገሌን ምረጡ አትበላቸው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ያንን ለራሳቸው ተውላቸው። ያፏጩብህ ይሆናል፤ ቻለው። ሽንኩርት ሻጯ ትወረውርብኛለች ብለህ ግን አትፍራ፣ በዛሬ ዋጋ ማንም ሽንኩርት አይወረውርም።

እምቢ ካልክም እፈርድብሃለሁ ማለቴ አይደለም። ያንን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ማየት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዝም ካልክ ግን ያ ባለ ሸንበቆ አንገት እስከ ምርጫው ቀን አንተን ሆኖ ይውላል፤ ልጅህም የመጀመሪያ ድምፅዋን የምትሰጠው ያንን እየሰማች ነው።

ለኔ ብለህ ና አላልኩም። እኔማ ለምጄዋለሁ። አልጋው ሰፍቶኛል፣ ምንም እንኳ አሁንም በግድግዳው በኩል ብተኛ።

ፈጣሪ መንገዱን ያቅናልህ፣ ጉሮሮህን ይጠብቅልህ፤ ስትመጣም ከአፍህ በፊት ልብህን ያድርስልን።

የልጅህ እናት

ፖስታውን ልለጥፍ ስል መኪናዋ እንደገና አለፈች። አሁን አልወጣሁም። መስኮቱን ልዘጋ ብዬ ተነሳሁ፤ የዘጋሁት ግን ሰምቼው ከጨረስኩ በኋላ ነው።