ድምፅ የሌለው ሽማግሌ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ከአስኮ እስከ ቢሮ የታክሲ ሰልፍ ብቻ አርባ ደቂቃ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ክብሮም፦ «ሳያትዬ፣ ያንን ነገር ዛሬ ገላግይኝ።» አለቃ ሆኖ እንደ ታናሽ ወንድም ይለማመጣል... እምቢ እንዴት ይባላል?

ያ ነገር፦ የልጆች ተረት መተግበሪያችንን ከድሮው ሰብቨርዥን ወደ ጊት ማዛወር። ሁለቱም ማን፣ መቼ፣ ምኑን እንደለወጠ ይመዘግባሉ፤ አዲሱ ይፈጥናል እንጂ። ኮዱ ጽሑፍ ስለሆነ አያስቸግርም። ፎቶና ድምፅ ግን ባይነሪ፣ ማለትም እንደ ጽሑፍ የማይነበብ የቁጥር ክምር ናቸው፤ አንዲት ባይት ከተነካች አለቀላቸው። ስለዚህ ለማዛወሪያው ፕሮግራም ደንብ ጻፍኩ። ስማቸው በጄፔግ ወይም በዌቭ የሚያልቁትን አትንካ፣ የቀረውን እንደ ጽሑፍ ቆጥረህ በየመስመሩ መጨረሻ ያለውን ስውር ምልክት አስተካክል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። እልል!

«ሁሉም አለ?» አለ ክብሮም። ፎቶዎቹን ከፍቼ አይቼ ነበር። «አለ» አልኩ። እሱ ደግሞ ችኩል ነው፣ የድሮውን ሰርቨር እዚያው ፎርማት አድርጎ ጠረገው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ተረቶቹን በድምፃቸው የቀዱልንን የጋሽ ወልደሰንበትን ፋይል ከፈትኩ። ክርርርርር... ሁለተኛውን። ክርርር። አሥራ ዘጠኙም!

ወይኔ ጉዴ!

ምክንያቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቃለጽድቅ ነው! እኛ ጋ ሲሠራ የድምፅ ፋይሎቹን ስም በዌቭ ፋንታ በአማርኛ «ነጥብ ድምፅ» ብሎ ነበር የሚጨርሰው። «እኛስ ፊደል የለንም?» ይል ነበር። ደንቤ አላወቃቸውም፤ ጽሑፍ መሰሉትና «አስተካከላቸው»። የቱ ባይት ከየት እንደወጣ አይታወቅም። መመለስ የለም።

እንደገና እንዳይቀዱ... ጋሼ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ሁለት ዓመት። ከዚያ ወዲህ በሹክሹክታ ብቻ ነው የሚያወሩት። ያ ድምፅ የነበረው እኛ ጋ ብቻ ነው። ባኞ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ክብሮም አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የቃለጽድቅ ላፕቶፕ ላይ የድሮ ኮፒ ይኖር ይሆናል» አለ። ይኖር ይሆናል... ግን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? በስብሰባ ላይ በፋይል ስሞቹ የቀለድኩበት እኔ ነኝ። «በሚቀጥለው ኪቦርዱን በብራና ትሠራልናለህ!» ቢሮው በሙሉ ተንከተከተ። በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ። ዛሬ አራት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም።

«ሽማግሌ ላኪበት» አለ ክብሮም። ለፋይል ሽማግሌ! ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። የምሩን ነው።

የካቲት 7፣ ዓርብ

መጀመሪያ ለድምፁ ባለቤት መንገር አለብኝ ብዬ ጋሽ ወልደሰንበት ቤት ሄድኩ። ከቦንጋ መጥተው ኮልፌ ኮረሪማ ሲነግዱ አርባ ዓመታቸው ነው። ድሮ እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ተረት ሲጀምሩ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ዝም ይል ነበር።

«ጋሼ... ድምፅዎን አጠፋሁት።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦ «ሐኪሙ ቀድሞሻል።»

ብለው ራሳቸው ሳቁ! እኔ ደግሞ እየሳቅኩ አለቀስኩ። የቃለጽድቅን ነገር፣ የሽማግሌውንም ነገርኳቸው።

«ማንን አገኘሽ?»

«ማንንም።»

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ነገ ጠዋት ነይ ውሰጂኝ።»

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሳንሱሲ ሰፈር ደረስን። ቃለጽድቅ በሩን ከፍቶ እኔን ሲያይ ፊቱ ጭፍግግ አለ። ጋሼን ሲያይ ግን ጎንበስ ብሎ «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ!»

ጋሼ ቆመው ቀሩ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የሚሉት ስለማይሰማ ሁለታችንም ጆሯችንን ወደ አፋቸው ማስጠጋት ነበረብን፤ ከቃለጽድቅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ልንጋጭ! በዚህ ሁኔታ እንዴት ይኮረፋል?

«አጥፍታለች። ትናገር» አሉ።

«ቃሌ፣ ሰው ፊት አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ።»

«የብራናዋ ቀልድ እንኳ ታስቅ ነበር... ቤት ስደርስ እኔም ስቄያለሁ። የጎዳኝ አንድ ሰው እንኳ ለእኔ አለመናገሩ ነው።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ፦ «እሺ። አሁን ይቀመጡልኝ፣ እግርዎ ይደክማል።»

ላፕቶፑ ላይ አሥራ ስምንቱ አሉ! ገና ለመተግበሪያው ያልተቆረጡት፣ ጥሬ ቅጂዎቹ። አሥራ ዘጠነኛው እሱ ከለቀቀ በኋላ የተቀዳ ነው፣ ስሙን ብቻ በእሱ ልማድ ነው የጨረስነው... ጠፋ። ጋሼን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «እሷ ተረት ድሮም አታስቅም» አሉ።

ከሰዓት ቢሮ ገብቼ ደንቡን ገለበጥኩት። ጽሑፍ መሆኑን በእርግጠኝነት ካላወቅህ አትንካ። የቃሌን ስሞች አልቀየርኳቸውም፤ «ነጥብ ድምፅ» እንደተባሉ ይኑሩ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ከቸርች በኋላ ከቃሌ ጋር ጋሼ ቤት ሄድን። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ። ተረት ስንጠብቅ ያ ጎርናና ድምፅ ቤቱን ሞላው፦

«ገበያነሽ! ኧረ ገበያነሽ! በሩን ዝጊው፣ እየቀዳን ነው!»

«አቤት! መጣሁ!»

ከጓዳ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ገበያነሽ እጃቸው ውሃ እንደሆነ ወጡ፣ ሄደው በሩን ዘጉ። ዘግተው ዞር ሲሉ ጋሼን አዩ። አፋቸው እንደተዘጋ ነው፣ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል። ስልኩን አዩ። እዚያው በሩ ሥር በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ድገሚው» አሉኝ።

ሰባት ጊዜ ደገምኩት። ሰባቱንም ጊዜ «አቤት» አሉ።