ከትራስህ ስር ያለው ፓፍ

ለወንድሜ ለኦብሳ፣

በጌታ ሰላም እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ከቀበርንህ ሁለት ሳምንት ሆነን።

ትናንት ቲቸር በርናባስ፣ «ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በሳንባ ቧንቧ ጡንቻ ላይ ያለውን የፖታሲየም መተላለፊያ በር ነክቶ ይከፍተዋል፤ ጡንቻው ይላላል፤ አየርም እንደ ልብ ይገባል» አሉን። ከኋላ ቦንሳ፣ «በሩ እምቢ ካለስ ቲቸር?» ሲል ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ትንፋሽ አጥሮህ ከሂርና ወደ ጭሮ ሆስፒታል ስናመጣህ፣ ብርድ እንዳይመታህ ብዬ የሚኒባሱን መስኮት መዝጋቴ ትዝ አለኝ።

ታናሻችን ትዕምርት ስትሮጥ እንዳንተ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። እማዬ «ጉንፋን ነው» ትላለች።

በሰማይ እስክንገናኝ በሰላም ዕረፍ። ዛሬ፣ ለቅሶ የመጡት ሄደው በክፍላችን ብቻዬን በነቃሁበት በመጀመሪያው ጠዋት፣ መስኮታችንን ከፈትኩ። የአስም ፓፍህን ከትራስህ ስር አውጥቼ ነቀነቅኩት፤ መድኃኒት አለው። ለእማዬ ሳልነግር በትዕምርት የደብተር ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።