እናትሽ ያልፈረመችበት ወረቀት

ለምንወድሽ ልጃችን፤ ሰላምሽ እንደ እናትሽ ምክር የማያልቅ ይሁን፤ አምላክ ከክፉ ሰውና ከብርድ ይጠብቅሽ። የእናትሽ መነጽር ስለተሰበረ እሷ እየተናገረች የምጽፈው እኔ አጎትሽ ነኝ።

የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፍኗል። አክስትሽ ጥርሷን ተነቅላለች፤ ወሬዋ ግን አልቀነሰም። እናትሽ "የሥራዬን ነገር እንዳትጽፍ" ብላኝ ወደ ጓዳ ገብታለች። እኔም አክስትሽ ሳትቀድመኝ እሱኑ ልጽፍልሽ ነው።

የምትሠራበት መዝገብ ቤት አለቃ፣ "ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ሕዝቡን ለአመፅ ሲቀሰቅስ አይቻለሁ" ብላ እንድትፈርም ወረቀት ሰጣት። አላየችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አለቃ በገባ ቁጥር ከወንበሯ የምትነሳው እናትሽ፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ በሐሰት አትመስክር ተብያለሁ" አለችው። ወሩ እስኪያልቅ ካልፈረመች ትባረራለች።

ላስቃት ብዬ፣ "እትዬ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" አልኳት።

የሥራ ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር። "እሱ አይከሰስ" አለች፣ ቀና ሳትል። "መንግሥት ቁሚ ሲለኝ እቆማለሁ፤ እጸልይለታለሁም። በዚህ ግን ከላይ የምከሰሰው እኔ ነኝ።"

አለቃዋን ትፈራለች። ከእሱ ይበልጥ የምትፈራው ግን አንቺን ነው፤ ደውለሽ "ለእኔ ስትዪ ፈርሚ" ብትያት እንደምትፈርም ታውቃለች።

ይኸው ተመለሰች። "ካፖርቷን ትልበስ፣ ጸሎቷን አትርሳ በላት" ትለኛለች። የያዝሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልም። እባክሽ ልጄ፣ እሁድ ስትደውዪ ስለ ካፖርቱ ብቻ አውሪያት።