ታጥቤም ያልለቀቀኝ ስኳር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም አንዱን መንታ አዝለሽ አንዱን ታቅፈሽ ትውያለሽ? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ላንቺ መዋሸት ግን አልችልበትም። ፈርቻለሁ፣ እታለሜ።

ባለፈው ሳምንት ወደምሠራበት ኬክ ቤት አንዲት ነርስ የጫማ ካርቶን የምታክል ማሽን ይዛ መጣች። ጣትሽን ወጋ ታደርግና ማሽኑን ጠብታ ደም ታጎርሰዋለች፤ እዚያው ቆመሽ ውጤትሽን ይነግርሻል። የአባባን እግር ያስቆረጠው የስኳር በሽታ እኔንም እንዳይዘኝ ዘወትር ስለምሰጋ ቀድሜ ተመረመርኩ። ቁጥሩን ስታይ የነርሷ ፊት ተለዋወጠ።

ከእኔ ቀጥሎ ኬክ የሚያስጌጠው፣ ክሬም የምንለው፣ ተመረመረ፤ የእሱ ጭራሽ ባሰ። ሦስተኛዋም እንደዚያው። «እናንተ ሰዎች በእግራችሁ ነው የመጣችሁት?» አለች ነርሷ። ከዚያ ጣቶቻችንን አገላብጣ ስታይ ሳቋ አመለጣት። ለካ ኬክ ላይ ሽሮፕ ስንቀባ ውለን፣ እጃችንን በሽርጥ ጠረግ አድርገን ነው የተሰለፍነው! በአልኮል ብትጠርገውም አልለቀቀም ነበር። በሳሙና ፈትገን ስንመለስ የሁሉም ወረደ፤ ክሬም እስክስታ ሊመታ ምንም አልቀረው።

የእኔም ወረደ፤ የሚገባውን ያህል ግን አይደለም። ነርሷ ሌላ ዓይነት መመርመሪያ ከተተችበት። ይኼኛው የሦስት ወሩን የደም ስኳር የሚናገር ነው፤ እጅሽ ታጠበ አልታጠበ ግድ የለውም። እሱን ስጠብቅ አባባ የሌለውን እግሩን «እከኩልኝ» ሲል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸብኝ። «አለብሽ» አለችኝ። በጊዜ ስለተገኘ በመድኃኒትና በአመጋገብ መቆጣጠር ይቻላል ብላ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አስያዘችልኝ። ሰማኋት፤ ሆዴ ግን አላመነም። ጫማዬን ባወለቅኩ ቁጥር የእግሬን ጣቶች እያገላበጥኩ አያለሁ።

ወንድም እህት አለሽ ወይ ስትለኝ አንድ እህት አለችኝ አልኳት። እሷም ትመርመር አለችኝ። ይኼኔ ነው ወሽመጤ የተቆረጠው። የእኔንስ እንደ ምንም እችለዋለሁ፤ አንቺ ግን የልጆች እናት ነሽ። ነገ ዛሬ ሳትዪ ሂጂ፤ የተነገረሽን ሁሉ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ጥርሱን የማይከድነውን ሹፌር ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን የእጅ ጽሑፍሽ አምሮልሻል በያት፤ የመንታዎቹን ጉንጭ ንከሺልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ስለ እኔ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ደህና ናት በያት። አባባ ካረፈ ወዲህ እሷ ቁስል ማጠብ የጨረሰች መስሏታል።

ታናሽሽ፣
ከኬክ ቤቱ ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን