ለአክስቴ ያላለቀስኩበት ድምፅ

ኅዳር 23 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ ጉና ሥር የአክስቴን ለቅሶ ደርሼ ተመለስኩ። ቀብሯ አልፎብኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ደጃፍ ላይ ድምፁን አውጥቶ ማልቀስ የአገሩ ወግ ነው፤ ለቀስተኛውም ቆሞ እኔን ይጠብቅ ነበር።

አዲስ አበባ ስሠራ የአገሬን አነጋገር ከአፌ አራግፌ ጨርሻለሁ። የቀረኝ በምሳ ሰዓት ሰው ለማሳቅ ያህል ብቻ ነው። አክስቴ ስትደውል ስልኩን የምሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን እከፍተው ነበር። "ሰነበትሽ ወይ የኔ አካል?" ስትለኝ፣ እኔም እንደሷ እየጎተትኩ "ደኅና ሰነበትኩ፣ ከብቶቹስ እንዴት ናቸው?" እላት ነበር። የቢሮ ጓደኞቼ አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቁ ነበር።

ዛሬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ "እናትዬ" ብዬ ጀመርኩ። የወጣው ያ የምሳ ሰዓት ድምፅ ነው። አጎታተቱም፣ ማንሳት መጣሉም ያው ራሱ። የቢሮ ጓደኞቼ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ሴቶቹ ደግፈው አስገቡኝ። ጎረቤቷ እማሆይ ውሃ እያጠጡኝ "ሐዘኑ አፏን ዘጋው" አሉ። ቀጥለውም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

"አንቺን በስልክ ያገኘች ቀን ደስታዋን አትችለውም ነበር። ልጄ ከተማ ገብታም አልተለወጠችብኝ፤ ስታናግረኝ እንዳገሯ ነው ትለን ነበር።"

እውነት ነው። እንዳገሬ የማናግራት ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ሰው ሲኖር ብቻ ነበር።