መቀሱን የሚያስረክቡት አያ ሞላ

ሰኞ
ምሳ ሰዓት ላይ መቀሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቴ ቆሙ። "ሸጋ መቀስ ነው፤ ቁጠሪ" አሉኝ። መቀስ አንድ፣ ሜትር አንድ፣ መርፌ አራት። አያ ሞላን አራዳ ወዳለችው ልብስ ስፌት ቤቴ ዛሬ ጠዋት ያመጧቸው የደብራችን ቄስ ናቸው። አያ ሞላ በድንበር ጠብ ሰው አቁስለው ስምንት ዓመት ታስረዋል፤ ስፌቱንም የተማሩት እዚያው ነው። "አንድ ሳምንት ልያቸው" ብያለሁ። ባሌ ግን "ለሰውዬው መቀስ ታስጨብጪዋለሽ?" ይላል።

ማክሰኞ
ስፌታቸው ልቅም ያለ ነው፤ ከእኔ ይበልጣል (አይነገራቸውም)። ግን ስገባ ለምን ይነሳሉ? ሽንት ቤት ለመሄድም ያስፈቅዳሉ። መቀሱን ዛሬ ሦስት ጊዜ አስረከቡኝ። እስር ቤት አንድ መቀስ ከጎደለ እስኪገኝ ማንም ንቅንቅ አይልም ነበር አሉ። ኮላ ድባ ልጅ አለቻቸው። ከተፈቱ ወዲህ አላዩዋትም። "ና ሳትለኝ?" አሉ።

ሐሙስ
ምን ዓይነት ሰው ነኝ። ለቅሶ ተጠርቼ ስጣደፍ እንደ ልማዴ በሩን ከውጭ ቆልፌ ሄድኩ። እሳቸው ጓዳ ሦስት ሱሪ እየተኮሱ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ ሦስቱንም ተኩሰው ቁጭ ብለዋል። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።
"ምነው አያ ሞላ፣ አይደውሉልኝም?"
"ሲከፈት ይከፈታል ብዬ ነዋ።"
አላኮረፉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ
ቁልፉን ሰጠኋቸው። ሁለተኛው ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። "ነገ እርስዎ ይክፈቱ፣ እኔ አረፍዳለሁ" አልኩ። በእጃቸው አልቀበል ሲሉ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩት። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለቱ አይቀርም።

ቅዳሜ
ስደርስ ሱቁ ተከፍቷል፣ ወለሉም ተጠርጓል። ደስ አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ዞር ስል የሉም። መቀሱ በግማሽ የተቆረጠ ጨርቅ ላይ ተኝቷል፤ ያስረከበኝ የለም። ይህንኑ ስመኝ አልነበር? ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ግን በር በሩን ማየት ጀመርኩ። የባሌ ነገር እውነት ቢሆንስ?

መጡ። ለካ መናኸሪያ ሄደው የመኪና ሰዓት ሲጠይቁ ነበር።
"ነገ ኮላ ድባ እሄዳለሁ። ብታስገባኝም ባታስገባኝም ልጄ ናት። ሰኞ ሥራ እገባለሁ።"
አላስፈቀዱኝም፣ ነገሩኝ። ሳምንቱ ማለቁን ሁለታችንም አላነሳንም። እሺ አልኩ።

ስንወጣም የቆለፉት እሳቸው ናቸው። ቁልፉ ኪሳቸው መቅረቱ ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። አብሯቸው ኮላ ድባ ሊወርድ ነው። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆሜ እስኪከፈትልኝ የምጠብቀው እኔ ነኝ።